ሒሳቡ ለማን ይነበባል? ስለ ወንጌላውያን፣ ስለ ሥልጣንና ስለ መጠየቅ በአማኑኤል ከተማ የተደረገ ዲስኩር



እዚህ መድረክ ላይ እንድቆም የጋበዙኝ የከተማችሁ መምህራን ናቸው። የላኩልኝ ርእስ «ሃይማኖትና ፖለቲካ» የሚል ነበር። ርእሱ ሰፊ ነው። በሰፊ ርእስ ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ ተናግሮ ማንንም ሳያስቀይም መውረድ ይችላል፤ እኔ ግን ለዚያ ብዬ ከደብረ ማርቆስ አልመጣሁም። ስለዚህ ርእሱን አጠበብሁት። የምናገረው ስለ ራሴ ቤት ነው። እኔ የወንጌላውያን አማኝ ነኝ፤ በሰፈራችን አጠራር ጴንጤ። የሰው ቤት ጉድለት ከመቁጠር ራስን መቁጠር ይቀድማል ብዬ ነው ይህን የመረጥሁት። ካህናት አባቶች በመካከላችን አሉና፣ ንግግሬ ወደ እናንተ ቤት ጎራ የሚል ከሆነ በይቅርታ ተቀበሉኝ።

«አማኑኤል ላይ ቆሞ ስለ ጴንጤና ስለ መንግሥት መናገር ምን ይረባል?» የሚል ይኖራል። በ1999 ዓ.ም. የተደረገው ቆጠራ በምሥራቅ ጎጃም ከመቶው ሰው 97ቱ ኦርቶዶክስ መሆኑን መዝግቧል። በመላው የአማራ ክልል ፕሮቴስታንት ተብሎ የተቆጠረው ሰው ከሺህ ሁለት ገደማ ነበር። ከሺህ ሁለት! ይህን ያህል ጥቂት ነን። ነገር ግን አዲስ አበባ ላይ አንድ ታዋቂ አገልጋይ በቴሌቪዥን ቀርቦ «ይህ መንግሥት ከእግዚአብሔር የተላከ ነው» ባለ ቁጥር ጎረቤቱ በክፉ ዓይን የሚያየው አዲስ አበባ ያለውን አማኝ አይደለም። የሚታየው እዚህ በጭቃ ቤት ተሰብስቦ የሚዘምረው ምእመን ነው። ለሥልጣን የመቅረብ ትርፉ ዋና ከተማ ይቀራል፤ ዕዳው እስከዚህ ይመጣል። እንግዲህ ጉዳዩ የእኛም የእናንተም ነው።

ይዤው የመጣሁት ሐሳብ አንድ ነው፤ እየደጋገምሁ ስለምለው አትታክቱብኝ። አማኝ ሰው ሥልጣን መያዙ በራሱ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ መጋቢውን መጠየቅ ያልለመደ ጉባኤ ነው። መጋቢውን መጠየቅ ያልለመደ ጉባኤ ገዢውን መጠየቅ አይችልም። በመጀመሪያ ከየት እንደመጣን አነሣለሁ፤ ቀጥሎ በአንድ ክረምት ስለተገደሉ ሁለት ሰዎች እናገራለሁ፤ ከዚያ ወደ ዛሬው እመጣለሁ፤ በመጨረሻ ገንዘቡንና ፊርማውን እንነካለን።

ከየት መጣን?

ወንጌላውያን በኢትዮጵያ ከፖለቲካ ውጭ የኖሩበት ዘመን የለም። በነሐሴ 1936 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የሚስዮኖችን ሥራ የሚወስን ድንጋጌ አወጡ። አገሪቱ ለሁለት ተከፈለች፤ «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ» እና «ክፍት አካባቢ»። ጎጃም ከመጀመሪያው ጎራ ነበረ። እዚህ ሚስዮን ቢመጣ ትምህርት ቤትና ሕክምና እንጂ የራሱን እምነት ማስፋፋት አልተፈቀደለትም። ወላይታ፣ ሲዳማና ወለጋ ላይ በብዛት ያለን፣ እዚህ ከሺህ ሁለት የሆንነው በመንፈስ ቅዱስ አሠራር ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ካርታውን በከፊል የሣለው መንግሥት ነው።

ከዚያ ደግሞ ስደቱ አለ። በ1950ዎቹ መጨረሻ በተማሪዎች መካከል የተነሣው የሙሉ ወንጌል እንቅስቃሴ በ1959 ዓ.ም. ሕጋዊ ምዝገባ ጠይቆ ተከለከለ። በ1964 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ወደ 250 የሚጠጉ አባላቱ በአንድ ጊዜ ታሰሩ። ደርግ ሲመጣ ደግሞ ብሶ አረፈ። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በጥር 1974 ዓ.ም. ተዘጋች፤ መሪዎቿ ለዓመታት ታሰሩ፤ ምእመኑ በየቤቱ ተከፋፍሎ አምስት ስድስት እየሆነ ይጸልይ ጀመር። ስትዘጋ 5,000 ገደማ የነበረው አባል፣ ደርግ ሲወድቅ 34,000 ደርሶ ተገኘ። የቤቱን ጸሎት ከሚመሩት ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ፤ ይህን ታሪክ ስንተርክ የምንዘነጋቸው እነሱን ነው።

ስለዚያ ዘመን አንድ ነገር ልጨምር፤ ለዛሬው ርእሳችን ዋናው እሱ ስለሆነ። በድብቅ የሚሰበሰብ ጉባኤ ውስጥ መሪውና ምእመኑ በአንድ ምንጣፍ ላይ ይቀመጡ ነበር። ገንዘቡ ትንሽ ነበር፤ ለማን እንደተሰጠም ሁሉም ያውቀዋል፤ ለታሳሪ ቤተሰብ። ግን ደግሞ የምሥጢር ልማድም የተተከለብን ያን ጊዜ ነው። «ለማን ነገርህ? ለምን ጠየቅህ?» የሚባለው በደህንነት ምክንያት ነበር። ልክም ነበር። ደርግ ሄደ፤ ምሥጢሩ ግን ቀረ። ቀድሞ ወንድሞችን ከእስር ያዳነ ዝምታ ዛሬ የባንክ ደብተር ይጠብቃል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደጁ ተከፈተ። በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ ከሕዝቡ ከመቶ አምስት ተኩል ገደማ የነበርነው፣ በ1987 ዓ.ም. ከአሥር በላይ፣ በ1999 ዓ.ም. ከአሥራ ስምንት ተኩል በላይ ሆንን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው አለ። እንዲያም ሆኖ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን በየጊዜው ፈቃድ ማሳደስ ነበረባት። ይህ በደል ነበር፤ በደል ነበር እላለሁ። ስለዚህ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1208/2012 የኢትዮጵያ ወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል ሕጋዊ ሰውነት ሲያገኝ ደስ ያለን ያለ ምክንያት አልነበረም። የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትም ያን ጊዜ የራሱን አዋጅ አግኝቷል። መብት ነው የተሰጠን፤ እኛ ግን እንደ ስጦታ ተቀበልነው። ስጦታ የተቀበለ ሰው ደግሞ ሰጪውን ደፍሮ አይናገርም።

በአንድ ክረምት የተገደሉ ሁለት ሰዎች

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

ከዚህ ብዙ በማይርቀው በደብረ ኤልያስ የተወለዱትን አቡነ ቴዎፍሎስን ከመካከላችሁ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ሁለተኛው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ናቸው። በ1968 ዓ.ም. ደርግን ሳያስፈቅዱ ጳጳሳት ሾሙ ተብሎ ከመንበራቸው ተነሡ፤ ታሰሩ። ከሾሟቸው አንዱ ከብዙ ዓመት በኋላ አምስተኛ ፓትርያርክ የሆኑት አቡነ ጳውሎስ ነበሩ። አቡነ ቴዎፍሎስ በ1971 ዓ.ም. ክረምት በእስር እንዳሉ ተገደሉ።

በዚያው ክረምት፣ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ አዲስ አበባ ዑራኤል ካለው ጉባኤያቸው ሲወጡ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ታፈኑ። ባለቤታቸውን ለቀቋቸው፤ እሳቸውን ገደሏቸው። ወይዘሮ ፀሐይም ቆይተው ታስረው አሥር ዓመት በወህኒ ኖሩ። የሁለቱም አባቶች አስከሬን የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

አንዱ የጎጃም ሰው፣ አንዱ የወለጋ ሰው። አንዱ በቅዳሴና በዜማ ያደጉ፣ አንዱ በሚስዮን ትምህርት ቤት። በነገረ መለኮት ቢቀመጡ ብዙ ነገር ላይ አይስማሙም ነበር። አንድ ቀበሌ ቢኖሩ እኛ ልጆቻቸው አንዳችን የሌላችንን ቀብር ላንሄድ እንችላለን። ገዳያቸው ግን ልዩነታቸውን አልቆጠረውም። ለደርግ ሁለቱም አንድ ጥፋት ነበረባቸው፤ ሳያስፈቅዱ መሪ ነበሩ።

የቄስ ጉዲና ነገር ለእኛ ለወንጌላውያን የማያመች ታሪክ ነው። የመካነ ኢየሱስ ፕሬዚዳንት በዚያን ዘመን አቶ አማኑኤል አብርሃም ነበሩ፤ የንጉሠ ነገሥቱ ሚኒስትር። ስለዚህ ወንጌላዊ ሰው ለሥልጣን መቅረቡ የትናንት ነገር አይደለም። ዘውዱ ሲወድቅ አቶ አማኑኤል ታሰሩ። የቄስ ጉዲና ወንድም ባሮ ቱምሳ ደግሞ ከኦነግ መሥራቾች አንዱ ነበሩ። እንግዲህ አስቡት፤ በአንድ በኩል የወደቀው ዘውድ፣ በሌላ በኩል የብሔር ትግል፣ ፊት ለፊት ደግሞ ደርግ። ሦስቱም ቄሱን ለመውሰድ ይችሉ ነበር። የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ከአገር የሚወጡበትን መንገድ አመቻችተውላቸው ነበር፤ መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። ከፖለቲካ የሸሹ ሰው ግን አልነበሩም። ወንጌል መስበክና ሰውን ከድህነትና ከጭቆና ማላቀቅ የተለያየ ሥራ አይደለም ብለው ለውጭ አብያተ ክርስቲያናት ሳይቀር በ1964 ዓ.ም. ጽፈዋል፤ ተከራክረዋል። ስለ መሬት፣ ስለ ፍትሕ ይናገሩ ነበር። እምቢ ያሉት ለአንድ ገዢ መሣሪያ መሆንን ነው።

የአቡነ ቴዎፍሎስንም አንድ ሥራ ላንሣ። ዛሬ በየደብሩ የምታውቁት ሰበካ ጉባኤ በቃለ ዓዋዲ ደንብ የተደራጀው በእሳቸው ዘመን ነው። ካህኑና ምእመኑ አብረው ተመርጠው የደብሩን ገንዘብና ሥራ እንዲይዙ። አፈጻጸሙ ምን እንደሚመስል እናንተ ከእኔ ይበልጥ ታውቃላችሁ፤ እዚያ ውስጥ አልገባም። ሐሳቡ ግን ታላቅ ነው። ሰውየው ከመንግሥት ነጻ የሆነ ቤተ ክርስቲያን ያለሙት አስቀድመው ቤቱን በሒሳብ አሲዘው ነው። እኛ ወንጌላውያን ከዚህ ከደብረ ኤልያሱ ሰው የምንማረው አለ። ይህን በመድረክ ስል የሚከፉ ወንድሞች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ይከፉ።

ወደ ዛሬው

ከ2005 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ኢትዮጵያን የመሩት ሁለቱም ጠቅላይ ሚኒስትሮች ወንጌላውያን ናቸው። አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ከሐዋርያዊት ቤተ ክርስቲያን፣ ዶክተር ዐቢይ አሕመድ ከሙሉ ወንጌል። ያቺ በ1959 ዓ.ም. ምዝገባ የተከለከለች ቤተ ክርስቲያን አባሏ የአገር መሪ ሆነ። አሮጊቶች እናቶቻችን በ2010 ዓ.ም. በደስታ ሲያለቅሱ አይቻለሁ፤ አልፈርድባቸውም። የታሰረ ልጅ ስንቅ ያመላለሱ ሴቶች ናቸው።

ከእንባው በኋላ ግን ትንቢቱ መጣ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው እናታቸው በልጅነታቸው «ሰባተኛው ንጉሥ ትሆናለህ» ይሏቸው እንደነበር ተናግረዋል። የእናት ምርቃት ነው፤ የማንም እናት ልጇን ትመርቃለች። የእኛ ነቢያት ግን ምርቃቱን ትምህርተ ሃይማኖት አደረጉት። ከመድረክ «እግዚአብሔር የሾመው ነው» ተባለ። የተቃወመውን ሰው «መንፈሱ ጥሩ አይደለም» አሉት።

ይህን ነገር እናንተ በደንብ ታውቁታላችሁ። «ሥዩመ እግዚአብሔር» ነው። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ ነው፣ ክብራቸው አይደፈርም ብሎ ጽፎ ነበር። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረት የወጣው ከዚሁ ምድር ነው። እኛ ጴንጤዎች ይህን ሥርዓት ስንወቅስ ኖረን፣ ቅብዓ ቅዱሱን አንሥተን በትንቢት ተካነው። ነገሩ ያው ነው። እንዲያውም የድሮው ይሻል ነበር የሚያሰኝ ነገር አለ፤ የድሮው መነኩሴ ንጉሡን ይገሥጽ ነበርና። ዓምደ ጽዮን የአባቱን ሚስት አገባ ተብሎ መነኮሳቱ ፊት ለፊት ሲያወግዙት ተገርፈዋል፣ ተግዘዋል። የአባ በጸሎተ ሚካኤልንና የደብረ ሊባኖሱን የአቡነ ፊልጶስን ታሪክ ካህናት አባቶች ያውቁታል። የእኛ ነቢይ ንጉሥ ሲገሥጽ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ብዙዎቻችሁ በልባችሁ ይዛችሁ የመጣችሁት ጥያቄ አለ፤ ሳትጠይቁኝ ላንሣው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ይህ አገር በጦርነት ምን እንዳየ ለእናንተ አልነግርም። መንገድ ሲዘጋ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ልጅ ሲቀበር ያያችሁት እናንተ ናችሁ። «የእምነት ወንድማችሁ በሚመራው መንግሥት ዘመን ይህ ሲሆን ቤተ ክርስቲያናችሁ ምን አለች?» ነው ጥያቄው። እኔ ያየኋቸው መግለጫዎች ለሰላም ጸልዩ፣ ሁሉም ወገን ወደ ውይይት ይምጣ ይላሉ። ጥሩ ነው፤ ጸሎት አልንቅም። ነገር ግን «ሁሉም ወገን» የሚባል ሰው የለም። ተኩስ ያዘዘ ሰው ስም አለው፤ ሰው ያገተም ስም አለው። በትግራይ ጦርነት ጊዜም ከመድረኮቻችን የድል ትንቢት ተሰምቷል፤ የሞተውን የቆጠረ ግን አልተሰማም።

በመጽሐፈ ነገሥት የአክዓብ ታሪክ አለ። ወደ ሬማት ለመዝመት ሲነሣ 400 ነቢያት ሰበሰበ፤ አራት መቶውም ዝመት፣ ታሸንፋለህ አሉት። አንድ ሚክያስ የሚባል ብቻ ተቃወመ። ንጉሡ አስቀድሞም ይህን ሰው እጠላዋለሁ፣ ደግ ትንቢት አይናገርልኝም ብሎ ነበር። ሚክያስ ታሰረ፤ ንጉሡም ዘምቶ ሞተ። እኛ ቤት ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ ይሰበካል፤ ሰባኪው ሁልጊዜ ራሱን ሚክያስ ያደርጋል። አራት መቶዎቹ ግን ንጉሡ ራሱ የሰበሰባቸው ነበሩ፤ ይህን የሚሰብክ አልሰማሁም።

ሌላ አገር ልውሰዳችሁ፤ ወዲያው እንመለሳለን። እ.ኤ.አ. በ1991 የዛምቢያ ፕሬዚዳንት ፍሬድሪክ ቺሉባ አገራቸውን «የክርስቲያን አገር» ብለው አወጁ። ወንጌላዊ ነበሩ፤ አብያተ ክርስቲያናቱም እልል አሉ። በ2007 አንድ የለንደን ፍርድ ቤት እሳቸውና ግብረ አበሮቻቸው 46 ሚሊዮን ዶላር የሕዝብ ገንዘብ እንደዘረፉ ወሰነ። ዛምቢያ ውስጥ በ2009 በወንጀል ነጻ ተባሉ፤ የለንደኑ ውሳኔ ግን እንደተጻፈ ነው። እልል ያለው መጋቢ ሁሉ ያን ጊዜ የት ነበር? አሜሪካም ብንሄድ እንዲሁ ነው። የደቡብ ባፕቲስት ጉባኤ የሚባለው ትልቁ የፕሮቴስታንት ድርጅት መሪዎች በጾታዊ ጥቃት የተከሰሱ ከ700 በላይ አገልጋዮች ስም ዝርዝር ለዓመታት ይዘው መቆየታቸው በ2022 ይፋ ሆነ። ምእመኑን ስለ አገር ምርጫ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው። የመንግሥትን ኃጢአት ከርቀት አጉልተው የሚያዩ ዓይኖች በኪሳቸው ያለውን ወረቀት አላዩትም።

አሁን ተመልሰን ወደ አገራችን እንምጣ፤ አንድ ሰው ላንሣ። አቶ ታምራት ላይኔን የምታውቋቸው በብአዴን ነው። በሽግግሩ ዘመን ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ፤ በ1989 ዓ.ም. ከሥልጣን ተነሡ፤ በሙስና ተፈርዶባቸው 12 ዓመት ታስረው በ2001 ዓ.ም. ወጡ። እስር ቤት ሳሉ ጌታን አገኘሁ ብለው መሰከሩ። ምስክርነቱን በየመድረኩ ሰምተናል፤ አጨብጭበናል። ስለ ንስሐቸው የምለው የለኝም፤ እሱን የሚመረምር አንድ ነው፤ ለዓመታትም ታስረዋል። የሚያሳስበኝ የእኛ ጭብጨባ ነው። አንድ ባለሥልጣን «ጌታን ተቀበልሁ» ሲል የመጀመሪያ ሥራችን ማይክራፎን መስጠት ሆነ። ስለ አስተዳደሩ ዘመን የሚጠይቅ ጠፋ፤ የጠየቀም «ይቅርታ የማያውቅ» ተባለ። እግዚአብሔር ይቅር ያለውን በደል የተበደለው ሰው ሊጠይቅበት አይችልም የሚል ትምህርት የት እንዳገኘነው አላውቅም። ዘኬዎስ ይቅርታ ባገኘ ቀን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ነበር ያለው።

ገንዘቡና ፊርማው

እስካሁን ስለ ገዢ ተናገርሁ፤ ግን መጀመሪያ የተናገርሁትን አልረሳችሁትም መሰለኝ። መጋቢውን መጠየቅ ያልለመደ ጉባኤ ገዢውን መጠየቅ አይችልም።

ነባሮቹ አብያተ ክርስቲያናት፣ መካነ ኢየሱስ፣ ቃለ ሕይወት፣ መሠረተ ክርስቶስ፣ እነዚህ ምርጫ አላቸው፤ ሽማግሌ አላቸው፤ ጠቅላላ ጉባኤ አላቸው። ጉድለት የለባቸውም አላልሁም፤ ቢያንስ የሚጣስ ደንብ አላቸው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን በአንድ ሰው ስም የሚጠሩ «ሚኒስትሪዎች» ፈሉ። ፈቃዱ በሰውየው ስም፤ ቤተ ክርስቲያኑ የተከራየበት ውል በሰውየው ስም፤ የሳተላይት ቻናሉ በሰውየው ስም። ገንዘብ ያዥዋ ሚስቱ፣ ሒሳብ ተቆጣጣሪው ወንድሙ። ሽማግሌዎቹን የሾመው ራሱ ነው፤ ቢከፉት ራሱ ያወርዳቸዋል። አስራቱ ይሰበሰባል፤ «የዘር» ገንዘቡ በባንክ ቁጥር ይገባል፤ የተጸለየበት ዘይት በብልቃጥ ይሸጣል። በዓመት ስንት ገባ ብላችሁ ብትጠይቁ የሚያውቁት ሰውየውና እግዚአብሔር ናቸው። ሁለቱም አይናገሩም።

እስቲ እድራችሁን አስቡ። ጸሐፊው አለ፤ ገንዘብ ያዡ አለ፤ ዳኛው አለ። በዓመት አንድ ቀን ሒሳብ ይነበባል። አምስት ብር ከጎደለ የሰፈር ሽማግሌ ዳኛውን ሳይቀር ያስነሣዋል። «አንተ የተቀባህ የእድር ዳኛ ነህና አትጠየቅም» የሚል ሰው ቢነሣ በሳቅ ትገድሉታላችሁ። ድንኳንና ድስት ለማስተዳደር ይህን ያህል ጥንቃቄ የምናደርግ ሰዎች፣ ነፍሳችንን ለሰጠንበት ቤት አንድ ገጽ ሒሳብ ሳንጠይቅ እንኖራለን።

ሲጠየቅ የሚመጣው መልስ የታወቀ ነው። እግዚአብሔር የቀባውን ሰው አትንካ የሚለው የመዝሙር ቃል ይጠቀሳል። ቃሉ የተጻፈው አገር ለአገር ስለሚንከራተቱ፣ መሬት ስለሌላቸው አባቶች ነው፤ ነገሥታት እንዳይጎዷቸው። ጠባቂ ስለሌለው ስደተኛ የተጻፈውን ቃል ባለ ጠባቂው ሰው ወሰደው። ጳውሎስ ግን ለኢየሩሳሌም ድሆች ገንዘብ ሲያሰባስብ ብቻዬን አልያዝም ብሎ አብያተ ክርስቲያናት የመረጧቸውን ሰዎች አብሮ ላከ። በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት ንጹሕ ሆኖ ለመታየት እንደሚጠነቀቅ ጽፏል። ጳውሎስን ማን ይጠረጥረዋል? እሱ ግን ራሱን ለመጠየቅ ሰጠ።

የጎጃም ሰው መጠየቅ አያውቅም የሚል ደግሞ ታሪክ አያውቅም። በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ በሞጣ፣ በቢቸና፣ በዳሞት ገበሬው መሬቴን አታስለካም ብሎ ተነሣ። አባቶቻችሁ በነበሩበት ነው። ደጃዝማች ጸሐዩ እንቁሥላሴን ከጠቅላይ ግዛቱ ገዢነት እስኪያስነሡ ድረስ አልተመለሱም። ዘዴው ሁሉ ልክ ነበር አልልም፤ ደም ፈሷል። ነገር ግን ንጉሥ አይከሰስ የሚለውን ተረት እየተረተ ያደገው ገበሬ ንጉሡ የሾመውን ሰው ጠይቋል። የዚያ ገበሬ የልጅ ልጅ ማይክራፎን የያዘ ሰው ስለ አስራቱ እንዳይጠይቅ ሲከለክለው አንገቱን ይደፋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንዳንዶች መንግሥት ገብቶ ያጽዳው ይላሉ። ኬንያ ላይ ሻካሆላ ጫካ ውስጥ በ2023 ሰባኪው ፖል ማኬንዚ እስከ ሞት እንዲጾሙ ካደረጋቸው ሰዎች ከ400 በላይ አስከሬን ተቆፍሮ ሲወጣ ይህ ሐሳብ ብዙ ደጋፊ አገኘ። ሩዋንዳ በ2018 ሕግ አውጥታ መጋቢ የነገረ መለኮት ዲግሪ ይኑረው ብላ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተ ጸሎቶችን ዘጋች። እኔ የምፈራው መድኃኒት ነው። ሰው የገደለ፣ የደፈረ፣ ያጭበረበረ መጋቢ በወንጀል ሕግ ይጠየቅ፤ ለዚህ ፖሊስና ፍርድ ቤት አለ፤ ልዩ የመጋቢ ሕግ አያስፈልግም። ማን መጋቢ እንደሚሆን ግን መንግሥት የሚወስን ከሆነ የ1959ኙን ምዝገባ ቢሮ መልሰን ሠራነው ማለት ነው። የዛሬው መንግሥት ወዳጃችን ነው ብለን ቁልፉን ብንሰጠው የነገው ከማን እንደሚቀበለው አናውቅም።

ሥራው የጉባኤው ነው። እኔ ለራሴ ቤተ ክርስቲያን ያቀረብሁትን ልንገራችሁ። ሒሳቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ ባለ ሒሳብ አዋቂ ተመርምሮ በዓመት አንድ ጊዜ በአባላት ፊት ይነበብ፤ በቼክ ላይ የመጋቢው ዘመድ አይፈርም። አገልጋይ የበደላት ሴት አቤቱታዋን የምታቀርበው ለዚያ አገልጋይ የበታች ላልሆኑ ሰዎች ይሁን፤ ከእነሱም ሴቶች ይኑሩበት። ባለሥልጣን በእሑድ አምልኮ መጥቶ እንደማንም ይቀመጥ፤ ከፊት ወንበር አይያዝለት፤ ማይክራፎን አይሰጠው። ለገዢ መጸለይ ታዘናል፤ እንጸልያለን፤ ግን የምንጸልይለት ንጉሥ ባዘዘው ነገር የተጎዳውን ሰው ስም ጠርተንም እንጸልይ። ሲቀርብ ሽማግሌዎቹ ዝም አሉ። ስለ ሒሳቡ ምርመራ ተስማምተዋል፤ ስለ ማይክራፎኑ ገና እየተከራከርን ነው። አንዱ ሽማግሌ «ከንቲባው ቢመጣ ታስቀይመዋለህ» አለኝ። አዎ፤ ያስቀይመዋል።

ካውንስሉንም በተመለከተ የምለው አለ። አዋጁ ሕጋዊ ሰውነት ሰጥቶታል፤ አባል ቤተ ክርስቲያን ለመሆን የተመረመረ ሒሳብ ማቅረብን ግዴታ ቢያደርግ የሚከለክለው የለም። ይህን ቢያደርግ ከአባላቱ ብዙዎቹ ሊያኮርፉ ይችላሉ። ገንዘብ የሚያመጡትም ምናልባት እነሱ ይሆናሉ። እንግዲህ ፈተናው እዚያ ነው።

የመምህራኑ ሰብሳቢ ሰዓቱን እያሳዩኝ ነው። ካህናት አባቶች በሰበካ ጉባኤ ስለምታደርጉት የሒሳብ ምርመራ ብትነግሩን ደስ ይለኛል፤ ጠይቁኝም፤ ስለ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ቢሆን፣ ስለ እኔም ቤተ ክርስቲያን ቢሆን። ከኋላ የተቀመጣችሁ ልጆች እጃችሁን ከፍ አድርጉ፤ አላያችሁም።